ወተቱ ሊገነፍል ነው፦ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ገና ሲጀምር ሰው የሚይዘው በምንድን ነው?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የ14 ደቂቃ ልብ አንጠልጣይ አጭር ፊልም ሠርቻለሁ። ሲከፈት ሌሊት ነው። ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይወጣል። ፊቱ አይታይም። ጫማውን፣ ጓንቱን፣ የያዘውን ቁልፍ በቅርብ አሳያለሁ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ሙዚቃው ከባድ ነው። 4ኛ ፎቅ ደርሶ አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት በር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ርዕሱ ይመጣል። ለክፍል ጓደኞቼ ሳሳያቸው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። አንዱ ጭራሽ ሳቀ። ሙዚቃውን ልጨምር? ወይስ ከቱን (ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው የምቆርጥበትን) ላፍጥነው? ትልልቆቹ ፊልሞች ገና ሲጀምሩ ሰውን ቀጥ አድርገው የሚይዙት በምንድን ነው?»

ሙዚቃውን አትጨምሪ። ከቱንም አታፍጥኚ። የሳቀውን ልጅም አትቀየሚው። ከሱ የበለጠ የነገረሽ ግን ስልኩን ያወጣው ነው። «ሁለተኛው ፎቅ ላይ» ያልሽውን ልብ ብለሽዋል? አንደኛው ፎቅ ላይ ሁሉም አይቷል ማለት ነው። ተመልካች መጀመሪያ ላይ ቸር ነው፤ አንድ ደቂቃ ያበድርሻል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያው ጫማ፣ ያው ደረጃ ሲሆንበት ብድሩን አስመለሰ።

እኔ የፊልም ኤዲተር ነኝ። ልክ እንዳንቺ ዓይነት መክፈቻ ቆርጬ አውቃለሁ። ኮሪደር፣ ጨለማ፣ ጫማ። በጣም ኮርቼበት ለእህቴ አሳየኋት። «ሰውዬው ማነው?» አለችኝ። «ቆይ፣ ኋላ ይገለጻል» አልኳት። «እንግዲያው እስኪገለጽ ቡናዬን ላፍላ» ብላ ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መክፈቻ የምለካው በእህቴ ቡና ነው። ትነሣለች ወይስ አትነሣም?

አሁን ይህን አስቢ። ሰው ቤት እንግዳ ሆነሽ ተቀምጠሻል። ባለቤቲቱ ወተት ጥዳ በረንዳ ላይ ስልክ ታወራለች። አንቺ ካለሽበት ድስቱ ይታይሻል። አረፋው እየተነፋ ጠርዙ ጋ ደርሷል። ሴትዮዋ ስለ ጎረቤቷ ሠርግ ነው የምታወራው፤ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ዶሮ ወጡ እንደቀጠነ። በቀላሉ ብድግ ብለሽ እንዳታወጪው ደግሞ እንግዳ ነሽ፤ ሰው ኩሽና ዝም ተብሎ አይገባም። ልብሽ ተንጠልጥሎ ቀረ። ማንም ቢላ አልያዘም፤ ጨለማም ሙዚቃም የለም። አንቺ ታያለሽ፣ እሷ አታይም፣ ወተቱ ደግሞ አይጠብቅም። በቃ፣ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህንኑ ነገር በቦምብ ነው ያስረዳው። በ1962 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ለቀናት ቁጭ ብሎ ሲጠይቀው የተናገረው ነው። ጠረጴዛ ሥር ቦምብ አለ፤ ተመልካቹም ሰዎቹም አያውቁም። ሲፈነዳ የአሥራ አምስት ሰከንድ ድንጋጤ ታገኛለሽ። ተመልካቹ አስቀድሞ ቢያውቅ ግን ያው ተራ ወሬ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ያንቺ መክፈቻ ግን ቦምብ አይደለም፣ እንቆቅልሽ ነው። ማነው? ምን ሊያደርግ ነው? ለምን? እንቆቅልሽ ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን ሕግ አለው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የምንለው ወደን ነው። መልሱ ሲያቅተን አገር እንሰጣለን። ያንቺ ተመልካች ገና ፊልሙ ውስጥ አልገባም፤ የሚያውቀው ሰው የለም፣ የሚወደው ሰው የለም። አንድም አገር በእጁ የለም፤ ምን ይስጥሽ?

ቦምቡን እንደ ወረደ ያስቀመጠ መክፈቻ ማየት ከፈለግሽ የኦርሰን ዌልስን «ተች ኦፍ ኢቭል» ፈልጊ፤ የ1958 ፊልም ነው። ሲጀምር አንድ ሰው የቦምብ ሰዓት ይሞላል። ሮጦ አንድ ጣሪያ አልባ መኪና ፖርታ ባጋሊዮ ውስጥ ይከተዋል። አንድ ጎልማሳና አንዲት ሴት እየሳቁ መጥተው መኪናውን አስነሥተው ይሄዳሉ። ካሜራው በክሬን ጣሪያ ለጣሪያ ይከተላቸዋል። ቦታው የሜክሲኮና የአሜሪካ ድንበር ላይ ያለ ከተማ ነው። ከዚያ ሌሎች ሁለት ሰዎች እናያለን፤ አዲስ ተጋቢዎች፣ ተዋንያኑ ቻርልተን ሄስተንና ጃኔት ሊ ናቸው። በእግራቸው ወደ ኬላው ይሄዳሉ። መኪናው ያልፋቸዋል። ትራፊክ ያስቆመዋል፤ እነሱ ያልፉታል። የፍየል መንጋ መንገድ ይዘጋል። እንደገና ጎን ለጎን ይሆናሉ። ኬላው ላይ መኪናው ውስጥ ያለችው ሴት ጭንቅላቷ ውስጥ የሰዓት ድምፅ እንደሚሰማት ትናገራለች። ማን ይስማት! ተጋቢዎቹ ሊሳሳሙ ሲሉ ፍንዳታው ይሰማል፤ ከዚያ የሚነደው መኪና።

ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ ነው። እስከ ፍንዳታው ድረስ አንድም ከት የለውም። ኤዲተር ሆኜ ይህን ማመስገን እንጀራዬን እንደ መርገጥ ነው፤ ግን ትክክል ነው። ከት ማለት ጊዜን መንካት ማለት ነው። ተመልካቹ ባይናገረውም በከት መካከል ትንሽ ጊዜ ልትዘለል እንደምትችል ያውቃል። ሰዓት የተሞላለት ቦምብ ካለ ግን አንዲት ሰከንድ እንዳልተሰረቀች እርግጠኛ መሆን አለበት። ስለዚህ «ከቱን ላፍጥነው?» ላልሽው መልሱ እዚህ አለ። የሚቆጠር ነገር ካለሽ ከት ባነሰ ቁጥር ይጠብቃል። የሚቆጠር ነገር ከሌለሽ ደግሞ መቶ ከት አያድንሽም።

ስለ ሙዚቃውም ከዚሁ ፊልም የሚወጣ ታሪክ አለ። ስቱዲዮው ፊልሙን ከዌልስ እጅ ወስዶ ሲያወጣው በዚህ መክፈቻ ላይ የተዋንያኑን ስም ዝርዝርና የሄንሪ ማንቺኒን ሙዚቃ ጫነበት። ዌልስ የተቆረጠውን ሥራ አይቶ 58 ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። ሰሚ አላገኘም። በ1998፣ እሱ ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ፣ ኤዲተሩ ዋልተር መርች ማስታወሻውን ይዞ ፊልሙን እንደገና ሲያቀናብር ጽሑፉንም የማንቺኒን ሙዚቃም ከመክፈቻው ላይ አነሣ። አሁን የሚሰማው የመንገዱ ድምፅ ነው፤ ከየመጠጥ ቤቱ የሚወጣ ዘፈንና የመኪናው ሬዲዮ። ልዩነቱ ምን መሰለሽ? የመጀመሪያው ሙዚቃ «ፍሩ» ይልሻል። ሁለተኛው ግን መረጃ ይሰጥሻል። መኪናው ከዓይንሽ ቢጠፋም ሬዲዮው ሲጠጋ ቦምቡ እንደቀረበ ታውቂያለሽ። ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ ብታዪያቸው ያንቺን ሙዚቃ ራስሽ ታጠፊዋለሽ።

ወደ ደረጃሽ ልመለስ። ደረጃ በጣም የምወደው ነገር ነው። የደረጃ ንጉሡ ደግሞ ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ ነው፤ ፊልሙ «ኤም»፣ 1931። ድምፅ ወደ ፊልም በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ የተሠራ ነው።

በርሊን ነው። የአንድ ጊቢ ልጆች ክብ ሠርተው የቆጠራ ጨዋታ ይጫወታሉ። ግጥሙ ስለ ነፍሰ ገዳይ ነው። አንዲት እናት ልብስ ታጥባለች። ሰዓቱ ስድስት ሲሆን ፊቷ ይፈካል፤ ልጇ ኤልሲ ከትምህርት ቤት መውጫዋ ነው። ሳህን ታስቀምጣለች። ኤልሲ በዚያ በኩል ኳሷን እያነጠረች ትሄዳለች። ኳሷን የምታነጥርበት ዓምድ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የልጆቹን ገዳይ ለጠቆመ 10,000 ማርክ ይላል። ማስታወቂያው ላይ የሰው ጥላ ያርፋል። ኳስሽ ደስ ይላል፣ ስምሽ ማነው ይላታል። ከዓይነ ስውር ሻጭ ፊኛ ይገዛላታል። ያፏጫል።

ከዚያ ካሜራው ከሰውዬው ጋር አይሄድም። እናትየዋ ጋ ይመለሳል! ደረጃ ላይ ኮቴ ስትሰማ ትወጣለች፤ የሰው ልጆች ናቸው። በር ሲደወል ትሮጣለች፤ ተከታታይ ልብ ወለድ የሚያድል ሰውዬ ነው። ሰዓቱን ታያለች። «ኤልሲ!» ትላለች። በድምፁ ላይ ባዶ ደረጃ እናያለን፣ ከላይ ወደ ታች። «ኤልሲ!» ልብስ የተሰጣበት ባዶ ቆጥ። «ኤልሲ!» ባዶ ሳህን፣ ማንኪያው እንደተቀመጠ። ኳሷ ከቁጥቋጦ ውስጥ ተንከባልላ ትወጣና ትቆማለች። ፊኛው የስልክ ሽቦ ላይ ተጠምዶ ይንቀጠቀጣል። አለቀ።

ደም የለም። ጩኸት እንኳ የለም። የላንግ ደረጃ ላይ ማንም ሰው የለም፤ ግን ማን መኖር እንደነበረበት እናውቃለን። ያንቺ ደረጃ ላይ ሰው አለ፤ ግን ማን ጋ እየሄደ እንደሆነ አናውቅም። አየሽ? ሴትዮዋን እኮ በሩ ነው የከለላት። እኛ ሳናያት የምትፈራላት አንቺ ብቻ ነሽ፣ ምክንያቱም ስክሪፕቱን ጽፈሽዋል።

የሻርኩን ፊልም «ጆውስ»ን ሳላነሣ ብቀር ትገረሚያለሽ፤ ግን አላበዛውም። 1975፣ ስቲቨን ስፒልበርግ። ልጅቷ በሌሊት ስትዋኝ ሻርኩን አናየውም፤ ከውሃው ሥር የሆነ ነገር ሲጎትታት ብቻ ነው የምናየው። የተሠራው የማሽን ሻርክ የባሕሩ ውሃ እየገባበት አስቸግሮ ስለነበር መደበቁ በከፊል የግድ ነበር። ሻርኩ በደንብ የሚታየው አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሰዎች ከዚህ «አደጋውን ደብቁ» የሚል ትምህርት ይወስዳሉ። እኔ የምወስደው ሌላ ነው። አብሯት የመጣው ልጅ ሰክሮ አሸዋው ላይ ተኝቷል። ሊደርስላት የሚችል ሰው አለ፤ ቅርብ ነው፤ አይሰማም። እሱን ከዚያ አንሽውና ሞክሪው፤ ግማሹ ፍርሃት ይጠፋል።

አሁን ወደ ትልቁ ልምጣ። የኩዌንቲን ታራንቲኖ «ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ»፣ 2009። መክፈቻው ወደ ሃያ ደቂቃ የሚጠጋ ነው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያወራሉ! ይህን ስክሪፕት እኔ በወረቀት ባየው «ግማሹ ይቆረጥ» ባይ ነበርኩ።

1941 ነው፤ ጀርመን ፈረንሳይን ይዛለች። ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው። አንድ ገበሬ እንጨት ይፈልጣል። ሴት ልጁ አንሶላ ታሰጣለች። አንሶላውን ገለጥ ስታደርግ ሩቅ መንገድ ላይ የጀርመን መኪናና ሞተር ብስክሌቶች ይታያሉ። አባት መጥረቢያውን አስቀምጦ ይቀመጣል። ልጁን ውሃ አምጪልኝና ግቢ ይላታል፤ አትሩጪ ይላታል።

እዚች ላይ ቆም በይ። አትሩጪ። አንድ ቃል ናት። የሚደበቅ ነገር ከሌለ ልጅ ብትሮጥ ምን ችግር አለው? ታራንቲኖ ገና ምንም አልነገረንም፤ እኛ ግን አንድ ነገር እንዳለ ገብቶናል። ቅድም እንቆቅልሽ ክፉ አይደለም ያልኩሽ ይህን ነው። ሰውዬው የሚያውቀውን እኛ ባናውቅም፣ ፊቱን የምናነብለት ሰው ሰጥቶናል። ያንቺ ሰውዬ ፊት የለውም። ምኑን እናንብብ?

የጀርመኑ መኮንን ሃንስ ላንዳ ይገባል፤ ተዋናዩ ክሪስቶፍ ዋልትስ ነው። በጣም ጨዋ ነው። ወይን ሲቀርብለት ወተት ይሻለኛል ይላል። (የኔ ወተት እዚህም መጣ!) ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጭልጥ ያደርገዋል። ሴት ልጆቹን ወደ ውጭ ያስወጣቸዋል። በፈረንሳይኛ ሲያወራ ቆይቶ በእንግሊዝኛ እንቀጥል ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል። ወረቀቱን ይዘረጋል፣ ብዕሩን ቀለም ይሞላል። ሞልቶ እስኪጨርስ እንጠብቃለን። ጎረቤት ስለነበረ የአይሁድ ቤተሰብ ይጠይቃል፤ ስም፣ ዕድሜ። ልክ እንደ ቀበሌ ምዝገባ።

በዚህ መሃል ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ሳንቃውን አልፎ ከሥር ይገባል። ቤተሰቡ እዚያ ተኝቷል፣ እጅ በአፍ ላይ።

ከዚህ በኋላ ያለው ወሬ ከቅድሙ የተለየ አይደለም። ያው ጨዋነት፣ ያው ወረቀት። ግን ጣዕሙ ተለወጠ። ቅድም የገበሬውን ፊት ስናነብ ነበር፤ አሁን የላንዳን ጫማ ነው የምናየው፣ ከነሱ ፊት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ላይ ነውና። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ነገር ይገባናል። እንግሊዝኛውን የፈለገው ከሥር ያሉት የሚለው እንዳይገባቸው ነው። ማለትም ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር! እኛ ከሱ ቀድመን አወቅን ብለን ነበር፤ ለካ እሱ ነው ቀድሞ የቆመው። ሂችኮክ ያስረዳው ቦምብ እዚህ አንድ ደረጃ ጨምሯል፤ ማን ምን ያውቃል የሚለው በአንድ ጠረጴዛ ላይ እየተገለባበጠ ይሄዳል። ላንዳ ሁለተኛ ብርጭቆ ወተት ሲጠይቅ እኔ ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።

እንግዲህ ያንቺን እንሥራው። ደረጃው ይቆይ፤ ቆንጆ ቀርፀሽዋል ብዬ ልመን። ሰውዬውም ይቆይ። ከሱ በፊት ግን ሁለት አጫጭር ነገሮች ጨምሪ።

አንድ፦ ቀን። መንገድ ዳር ያለ ቁልፍ ቀራጭ። የወንድ እጅ በቀይ ክር የታሰረ ቁልፍ ያቀብላል። «ስንት ልቅረጽ?» «አንድ።» ማሽኑ ይጮኻል፣ ብናኙ ይረግፋል። ሰውዬው ሂሳብ ከፍሎ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። ፊቱን አሳዪው። በፀሐይ። ኮፍያውን አውልቂለት፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ አጠገብሽ የሚቆም ዓይነት ተራ ሰው ይሁን።

ሁለት፦ አመሻሽ። ሴትዮዋ ከሥራ ትገባለች። ዘበኛው ይጠራታል። በቀይ ክር የታሰረውን ቁልፍ ይሰጣታል። «አንድ ሰው ደረጃው ላይ ወድቆ አገኘሁት ብሎ ሰጥቶኝ ሄደ።» «ውይ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ያገኘውንም ሰው ይባርከው።» ያቺን ምርቃት እንዳትቆርጫት። አንዷ ምርቃት ከሙዚቃሽ ሁሉ ትበልጣለች።

ከዚያ ሌሊቱ። ወተቱን የምንጥደው እዚህ ነው፤ ግን ወተት አያስፈልግሽም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሌሊት ሰው ከእንቅልፉ የሚነሣው ለምንድን ነው? ቧንቧው ያስላል፣ ይተፋል፣ ውሃ መጣ! ሴትዮዋ ዓይኗን ሳትገልጥ ተነሥታ ቢጫዋን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቧንቧው ሥር ትደቅናለች። በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ታንጎላጃለች። ውሃው ይወርዳል።

ጀሪካን ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ እንደሚሄድ ውሃ የቀዳ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሲጀምር ወፍራም ነው፤ ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ባነሰ ቁጥር እየቀጠነ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ሳታዪው «ደረሰ» ትያለሽ። ያ ነው የቦምብሽ ሰዓት። እንደ ቧንቧው ግፊት ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሰጥሻል። ስለዚህ ድምፁን ሳታቋርጪ ወደ ደረጃው ቁረጪ። ሰውዬው ይወጣል። ውሃው ከላይ ሩቅ ይሰማል። ኮቴውን የሚደብቅለት ውሃው ነው፤ ሰውዬውም ይህን ያውቃል፤ የሚረግጠው ውሃው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ወደ ሴትዮዋ ተመለሺ፤ ድምፁ ቀጥኗል። እንቅልፏን አየሽው? ተመልካቹ አሁን ሁለት ነገር ነው የሚመኘው። ትንቃ። ግን ውሃውን አትዝጋው ወይስ ትዝጋው? ብትዘጋው ኮቴውን ትሰማለች። ብትሰማ ደግሞ ምን ታደርጋለች?

ትዘጋለች። ጸጥ። 3ኛው ፎቅ ላይ ሰውዬው አንድ እግሩን አንሥቶ ይቆማል። እሷ እጇ ቧንቧው ላይ እንዳለ አንገቷን ወደ በሩ ትመልሳለች። ሁለቱም ያዳምጣሉ። ርዕሱን እዚህ አምጪው።

የብልጭ ድርግሙን አምፖል ግን በእግዚአብሔር አውጪልኝ። የጀሪካኑን ድምፅ ደግሞ ከቀረጻው ለይተሽ፣ ከባዶ እስኪሞላ በአንድ ትንፋሽ ቅጂው። እኔ አንዴ መሃሉን ቆርጬ ላሳጥር ብዬ ቅጥነቱ በአንዴ ዘለለ። ዳይሬክተሩ አልሰማውም። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት በሩ ላይ ቆማ «ማነው ውሃውን የደፋው?» ያለችኝ።